ያለ መኪና አንድ ቀን፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጨሞጋ በእግር

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በአዲስ አበባና በሌሎች የሀገራችን ከተሞች የተመረጡ ጎዳናዎች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። «መንገድ ለሰው» የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ዕለት በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደ የመጀመሪያው ከተሽከርካሪ ነጻ ቀን ነበር። ዓላማውም ሕዝቡ የሰውነት እንቅስቃሴን እንዲለምድና የከተማ አየር ለጥቂት ሰዓታትም ቢሆን ከጭስ እንዲያርፍ ነው።

በሌላው ዓለም ከመኪና ነጻ የሆነ የሽርሽር ቀን በብዛት የሚነሣው ከባሕር ዳርቻና ከደሴት ከተሞች ጋር ተያይዞ ነው። ጎብኚው መኪናውን ከወደብ ማዶ ትቶ በጀልባ ይሻገራል፤ ከዚያም ደሴቲቱን በእግሩ ወይም በብስክሌት ይዞራል። ደብረ ማርቆስ ባሕርም ወደብም የላትም። ሆኖም ከተማዋ ከአስፋልቱ ዳር ወጣ ሲሉ ወዲያውኑ ማሳ፣ ደንና ወንዝ የሚጀምርባት ናት። በዚህ ጽሑፍ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ያለ መኪና ልንደርስባቸው የምንችላቸውን ሦስት ቦታዎች እናያለን። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ በጎጃም ደጋ ላይ በክረምት የሚወርደው ያ ሁሉ ዝናብ በበጋ የት ይደርሳል? መልሱ በመኪና መስኮት አይታይም፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ግን ከመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

እግር ምን ያህል ይወስደናል?

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ውኃም ቢሆን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የደጋ ሽሮና ባቄላ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢያለከልክ አያስደንቅም። የደጋው ተወላጅ ግን የተለየ ይመስላል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ነበር። በሌሎች የዓለም ክፍሎች፣ ለምሳሌ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች፣ የከፍታ ነዋሪዎች ደም ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከመጠን በላይ በመጨመር የአየሩን እጥረት ያካክሳል። በእነዚህ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን የሄሞግሎቢኑም ሆነ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም ሳይርቅ ተገኝቷል።

ለጉዟችን ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ ለማስላት አንድ ቀላል ደንብ አለ። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባሉ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ባስቀመጡት በዚህ ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ደግሞ 300 ሜትር የሆነ መንገድ ብንመርጥ፦

12 ÷ 5 = 2.4 ሰዓት
300 ÷ 600 = 0.5 ሰዓት
ድምር = 2.9 ሰዓት

ይህ ማለት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ዕረፍትና ጨዋታ ግን በስሌቱ ውስጥ አልገባም።

ስንቅንም እንዲሁ ማስላት ይቻላል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ በግምት 45 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ ለ12 ኪሎ ሜትር 540 ይሆናል። ሰውነቱን 300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ሥራ ከፊዚክስ ትምህርታችን እናውቀዋለን፦ ክብደት በከፍታ ሲባዛ 176,400 ጁል፣ ማለትም 42 ኪሎ ካሎሪ። ጡንቻ ግን ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገቱ በእውነቱ የሚያስወጣን 168 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሁሉም ሲደመር ከ700 ኪሎ ካሎሪ ጥቂት ያልፋል፤ ይህም ሁለት መቶ ግራም ያህል የገብስ ቆሎ ማለት ነው። ከቅኔ ጉባኤ ወደ ቅኔ ጉባኤ በእግሩ ይዘዋወር የነበረው የጎጃም የቆሎ ተማሪ ይህን ስሌት ሳይጽፍ ያውቀው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው መዳረሻ፦ የቤተ ክርስቲያን ደን

ከከተማው ወጥተን ዙሪያውን ስንቃኝ በማሳው መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆነው የቆሙ ጥቁር አረንጓዴ ደኖችን እናያለን። በእያንዳንዱ መሃል ቤተ ክርስቲያን አለ። የደጋው ነባር ደን ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፣ ሕዝቡ እንደ ቅዱስ ስፍራ ስላከበራቸው የተረፉ ቁራሾች ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳናና ኮሶ ዛሬ በብዛት የሚገኙት በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ነው።

ከማሳው ወደ ደኑ ስንገባ በመጀመሪያ የምናስተውለው ቅዝቃዜውን ነው። ቅጠሉ ፀሐይን ይከለክላል፤ ከቅጠሉ የሚተንነው ውኃም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ዝቅ ብለን አፈሩን እንንካ። በወደቀ ቅጠል የተሸፈነው አፈር እንደ ስፖንጅ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ጥቂት ውኃ ብናፈስበት ወዲያው ይሰርጋል። ያንኑ ያህል ውኃ ከብት በረገጠው ባዶ መሬት ላይ ብናፈስ ግን ለጥቂት ጊዜ ተኝቶ ይቆይና ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሸሻል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በባዶ መሬት ላይ የሚወድቅ የዝናብ ጠብታ የአፈሩን ጓል ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረው ደቃቅ አፈርም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በደን ውስጥ የጠብታው ጉልበት በቅጠልና በግርድ ላይ ያልቃል። ሥርና ትላትልም አፈሩን ያለማቋረጥ ይበሱታል። እዚህ ላይ የጥያቄያችን የመጀመሪያ መልስ ይገኛል፤ ወደ መሬት የሰረገ ውኃ ለወራት ቀስ እያለ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያልሰረገው ግን በዚያው ቀን ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል።

እነዚህ ደኖች ግን ራሳቸውን እየተኩ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ከብት የሚገባበት ደን ውስጥ ችግኞች እየተረገጡና እየተበሉ እንደሚጠፉ አሳይተዋል። ከዚህ በመነሣትም ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ እየካቡ ደኖቻቸውን ማጠር የጀመሩባቸው ቦታዎች አሉ። ወደ ደን ስንገባ ትልልቆቹን ዛፎች ብቻ አንይ። ከሥራቸው የጉልበት ቁመት ያላቸው የወይራና የጽድ ችግኞች አሉን? ከሌሉ ያ ደን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ነው።

ሁለተኛው መዳረሻ፦ ጨሞጋ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደሄደ የጨሞጋን ወንዝ በድልድይ ያቋርጣል። በአውቶቡስ ከሆነ መሻገሩ ከአሥር ሴኮንድ አያልፍም፤ ብዙዎቻችንም ስሙን ሳናስተውል አልፈነዋል። ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ይነሣና ወደ ደቡብ ወርዶ ከዐባይ ጋር ይቀላቀላል። ከተማዋን ከብቦ ያለው ደጋ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት በወንዙ ውስጥ የምናየው ውኃ በአመዛኙ ከወራት በፊት ወደ መሬት ሰርጎ ተራራው በአደራ ያስቀመጠው ነው።

የጂኦግራፊ ተመራማሪው ወልደአምላክ በዕውቀት ይህን ወንዝ በጥልቀት አጥንተዋል። በ1957 እና በ1982 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ1998ቱ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት ነበረው። 364 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የጨሞጋ ተፋሰስ በደን የተሸፈነው መሬት ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሄርት ስተርክ ጋር ያሳተሙት ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ከ1960 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት የወንዙ የበጋ ፍሰት እየቀነሰ መምጣቱን አመለከተ።

ደን ከጨመረ ውኃው ለምን ቀነሰ? ሁለቱን ግኝቶች አንድ ላይ ለማስታረቅ የጨመረው ደን ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አዲሱ ደን በአብዛኛው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በአንጻሩ የተፈጥሮ ቁጥቋጦና ጫካ ተመናምኗል። ተመራማሪዎቹ ለፍሰቱ መቀነስ በምክንያትነት የጠቀሷቸው የተፈጥሮ ዕፅዋት መጥፋት፣ የእርሻ መሬት መስፋፋት፣ ልቅ ግጦሽና የባሕር ዛፍ መብዛት ናቸው። የሰውና የከብት ቁጥር በመጨመሩ በበጋ ከወንዙ የሚቀዳው ውኃም መብዛቱ ሌላው አስተዋጽኦ ያደረገ ምክንያት ነው።

በባሕር ዛፍ ላይ ግን ፈርደን እንዳንነሣ። ለገበሬው ማገዶ፣ ማገርና የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የቀሩት የነባር ደን ቁራሾችም ለምጣድ በተማገዱ ነበር። ጥያቄው የት ይተከል የሚለው ነው። በደረቅ ኮረብታ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍና በምንጭ አፍ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ አንድ ዓይነት ጉዳት የላቸውም። በመንገዳችን ላይ ባሕር ዛፍ ስናይ ከውኃ ምን ያህል እንደሚርቅ ብናስተውል፣ ግራና ቀኙን ዐውቀን ለመከራከር እንበቃለን።

ውኃውን እንለካ

አንድ የወንዝ ዳር ቀን ከሽርሽርነት አልፎ የሳይንስ ሥራ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጉን ገመድ፣ ሜትር፣ ረጅም እንጨት፣ ሰዓትና አንድ ሎሚ ወይም ብርቱካን ናቸው። ሥራው የሚከናወነው ውኃው ከጉልበት በታች በሆነበት በበጋ ወራት ብቻ ነው፤ በክረምት የደጋ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ስለሚችል ወደ ውስጡ ፈጽሞ አይገባም።

በመጀመሪያ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን ቦታ መርጠን በዳርቻው 10 ሜትር እንለካለን። ቀጥሎ የወንዙን ስፋት በገመድ፣ ጥልቀቱን ደግሞ በተለያዩ አምስት ወይም ስድስት ነጥቦች ላይ በእንጨቱ ለክተን አማካዩን እንወስዳለን። ከዚያም ሎሚውን ከላይ ጥለን 10 ሜትሩን ለማለፍ የሚፈጅበትን ጊዜ እንይዛለን፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመን አማካዩን እናወጣለን። የወንዝ ላይኛው ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት በ0.85 እናባዛዋለን።

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ቢሆንና ሎሚው 10 ሜትሩን በ20 ሴኮንድ ቢያልፍ፦

የወንዙ አቋራጭ ስፋት = 4 × 0.3 = 1.2 ካሬ ሜትር
የላይኛው ፍጥነት = 10 ÷ 20 = 0.5 ሜትር በሴኮንድ
አማካይ ፍጥነት = 0.5 × 0.85 = 0.425 ሜትር በሴኮንድ
የውኃው ፍሰት = 1.2 × 0.425 = 0.51 ኪዩቢክ ሜትር በሴኮንድ

ማለትም በየሴኮንዱ 510 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ስሕተት አያጣውም፤ ሆኖም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዘዴ በየዓመቱ የሚደረግ ልኬት አንዱን ዓመት ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል። በየመጋቢቱ መጀመሪያ ቅዳሜ ወደ ጨሞጋ የሚወርድ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥር ቁጥሮች ይኖሩታል። እነዚያ ቁጥሮች በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም።

ሦስተኛው መዳረሻ፦ ጮቄ፣ በደጋ መካከል ያለ ደሴት

የወንዙን ምንጭ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ማቅናት አለበት። እዚህ ላይ ስሌታችን ያስጠነቅቀናል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከከተማው እስከዚያ ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ፣ ርቀቱን ሳንጨምር፣ በኔይስሚዝ ደንብ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን በእግር ደርሶ መመለስ አይሞከርም። የሚሻለው በሕዝብ ትራንስፖርት የስናን ወረዳ ከተማ እስከሆነችው ረቡዕ ገበያ ሄዶ ከዚያ ወዲያ በእግር መውጣት፣ ከተቻለም አድሮ መመለስ ነው። የግል መኪና አለመያዝ ማለት ሁሉን ነገር በእግር መሥራት ማለት አይደለምና።

ጮቄ ሾጣጣ ተራራ አይደለም። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀጭን ላቫ ደጋግሞ እየፈሰሰ የሠራው፣ ጋሻ በመሬት ላይ ሲደፋ የሚመስል ሰፊ እሳተ ገሞራ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሙቀት መጠኑ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጫፉ 10 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ጤፉና ስንዴው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ይተካል። ከዚያ አስታ፣ ቀጥሎም ጓሳ ይመጣል፤ በመጨረሻም ጅብራ በየቦታው ቆሞ እናገኘዋለን።

ጅብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ የሎቤሊያ ዝርያ ነው። ሌሊት ውርጩ ሲበረታ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ይሸፍናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይከፍታል። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይሞታል። ይህ ተክል በሰሜን፣ በባሌና በጉና ተራሮችም ላይ ይገኛል፤ በመካከላቸው ባለው ሞቃት ዝቅተኛ ምድር ግን መኖር አይችልም። ለጅብራ ዝቅተኛው ምድር ባሕር ነው፤ ተራሮቹም ደሴቶች ናቸው። በመግቢያችን ደብረ ማርቆስ ባሕርም ወደብም የላትም ብለን ነበር፤ ደሴት ግን ከራስጌዋ አላት።

ደሴት ደግሞ ማምለጫ የለውም። አየሩ ሲሞቅ ወይም እርሻው ወደ ላይ ሲገፋ ጅብራውና ጓሳው ወደ ጫፉ ይጠጋሉ፤ ከጫፉ በላይ የሚሄዱበት ስፍራ የላቸውም። ጓሳው ሲጠፋ ደግሞ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ የሚለቀው ስፖንጅ ይጠፋል። ጨሞጋን ጨምሮ ከጮቄ የሚነሡ በርካታ ወንዞች ዐባይን ስለሚመግቡ የተራራው ጉዳይ የስናን ገበሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መመደቡ፣ ተራራው ሳይታረስም ለነዋሪው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ጅምር ነው።

ከመነሳታችን በፊት

የአካባቢው ጸጥታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በተለይ ከከተማ ርቆ ለመሄድ አስቀድሞ የአካባቢውን ነዋሪዎችና ኃላፊዎች መጠየቅ ግዴታ ነው። መንገዱ ካልተመቸ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ብቻ ለአንድ ቀን ይበቃል። ብቻ መሄድ አይመከርም። ኮፍያ፣ ውኃ፣ ቆሎና ከውሻ የሚያስጥል በትር መያዝ ይጠቅማል፤ የደጋ ፀሐይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ቆዳን ታቃጥላለች። በማሳ ውስጥ ሳይሆን በድንበሩ እንሂድ። ገበሬውን «እንዴት ዋሉ፣ አባቴ» ብለን ሳንሳለም አንለፍ፤ ስለ ምንጩና ስለ ወንዙ የቀድሞ ሁኔታ ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት በመጽሐፍ የለም። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ቅጠል አንበጥስ፤ ካህናቱን አስፈቅደን እንግባ።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት ወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከላይ የገለጽነው የ12 ኪሎ ሜትር ጉዞ የአዋቂውን የሳምንት ድርሻ በአንድ ቀን ይሸፍናል። ጥቅሙ ግን በጤና አያበቃም። የጎጃም ደጋ ውኃ የት እንደሚደርስ አሁን በከፊል ዐውቀናል፤ ከደኑ ሥር ይሰርጋል፣ ከተራቆተው መሬት ይሸሻል፣ በጮቄ ጓሳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በመጋቢት በጨሞጋ ድልድይ ሥር የተረፈው ያልፋል። የተረፈው ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚችለው ወርዶ የለካ ነው። ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ ሰዓት፣ ገመድና ሎሚ ይዛችሁ ብትወርዱና ያገኛችሁትን ቁጥር ከነቀኑ በደብተራችሁ ብትመዘግቡት፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች የሚያወዳድሩት ነገር ይኖራቸዋል።